አስፈላጊው ጥንቃቄ ምንድን ነው?

አዘዞን አልፈው ወደ ቆላድባ ሲወርዱ ሜዳው ይከፈታል። ደምቢያ ነው። ጣና ድረስ የተዘረጋ ጥቁር አፈር፤ ክረምት ላይ ጫማ ይዞ የማይለቅ። አክስቴ የሚኖሩት እዚያ ነው፣ ከመገጭ ወንዝ ብዙም ሳይርቁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ጎንደር የኮሙኒኬሽን ሥራ ላይ ነበርኩ። ዜናና ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። አንድ ሰኔ ላይ የጻፍኩትን መልእክት እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። «በመጪው ክረምት ከመደበኛ በላይ ዝናብ ስለሚጠበቅ ለጎርፍ ተጋላጭ በሆኑ አካባቢዎች የሚኖሩ የኅብረተሰብ ክፍሎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እናሳስባለን።» አለቃዬ አንብቦ ምንም አላለም። በሬዲዮ ተነበበ። ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ። እኔም ሥራዬን ሠርቻለሁ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ አክስቴን ልጠይቅ ወረድኩ። ቡና እየቆሉ ነበር። መልእክቱን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ሰማሁ ልጄ። አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ተባረክ። ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መደበኛው ስንት ነው?»

ዝም አልኩ።

«ውሃው በየት በኩል ነው የሚመጣ? በመገጭ ነው ወይስ ጣና ሞልቶ ነው የሚመለስ? ከብቱን ካሁኑ ልንዳ ወይስ ስትነግሩን ነው? ጎታውንስ ምን ላድርገው?»

ሊያሳፍሩኝ ፈልገው አልነበረም። የምር ነው የጠየቁኝ። ዘመዳቸው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስላለ መልሱን ያውቃል ብለው ነው። እኔ ግን አላውቅም ነበር። «አስፈላጊውን ጥንቃቄ» ብዬ የጻፍኩት ሰው ጥንቃቄው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ጎታውን ላላየ ሰው ልንገር። ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የሚሠራ የእህል ማስቀመጫ ነው። በደንብ የደረቀ ጎታ አይጥ አይደፍረውም። ጠላቱ ውሃ ነው። ከሥር ውሃ ከገባበት ይላላል፤ ከዚያ በራሱ ክብደት ይቀመጥና ይፈርሳል። የዓመት ጤፍ ጭቃ ውስጥ ይፈሳል። አክስቴ ይህን ያወቁት በ1998 ክረምት ነው። ያ ክረምት በአገሪቱ ክፉ ነበር። ድሬዳዋ ላይ ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው ወሰደ፤ ኦሞ ሞልቶ መንደር አጠፋ፤ እኛ ዘንድም ፎገራና ደምቢያ ውሃ ገባባቸው። አክስቴ ተነሥተው ወደ ምሰሶው ወሰዱኝ። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ቀጭን መስመር አለ፣ እንጨቱ የጠቆረበት። «እስከዚህ» አሉኝ በጣታቸው። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመርጓል። ምሰሶውን ግን እንዲመርጉት አልፈቀዱም።

ያን ቀን ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለዚያ መስመር ነበር። የአንድ ቤት ምሰሶ ከኔ መግለጫ የበለጠ ይናገራል።

«ከመደበኛ በላይ» የሚለው ቃል ስሕተት የለበትም። የሜትሮሎጂ ባለሙያ ሲለው ትርጉም አለው። የብዙ ዓመት ዝናብ ተወስዶ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ቀጥሎ የመጪው ወቅት ዝናብ ከሦስቱ ወደየትኛው ሊያዘነብል እንደሚችል ይገመታል። ዕድል ነው የሚናገረው፣ ያውም ለሰፊ አካባቢ። ባለሙያው ይህን ለኛ ሲልክ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ያለው የኛ ሥራ ነበር። ትንበያውን ወደ ጎታ፣ ወደ ከብት፣ ወደ መሻገሪያ መለወጥ ነበረብን። እኛ ግን የተላከውን ቃል እንዳለ አስተላለፍን፤ «ኅብረተሰቡ» የሚል ጨመርንበት፤ አበቃን።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ የቆየ ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «ግንዛቤ ተፈጥሯል።» «ንቅናቄ ተደርጓል።» «ባለድርሻ አካላት ተወያይተዋል።» እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች ራሴ ጽፌያቸዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሪፖርት ላይ ያምራሉ። ግንዛቤ የተፈጠረላቸው ሰዎች ማታ ቤታቸው ገብተው ምን እንደሚያደርጉ ግን አይናገሩም።

አሁን ደግሞ የእድራችንን ጥሩምባ ነፊ ልንገራችሁ። እኔ በምኖርበት ሰፈር ሰው ሲሞት ገና ጎሕ ሲቀድ ይመጣል። ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ረዘም ብሎ ይጮኻል። ውሻው ሁሉ ይነሣል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይለፍፋል። ማን እንደሞተ፣ የማን እናት ወይም የማን ወንድም እንደሆነ፣ ቤቱ ከየትኛው ወፍጮ ቤት ጀርባ እንደሆነ፣ ቀብሩ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ። ድንኳን የሚተክሉት የእነማን ተራ እንደሆነም ይጨምራል። ሃያ ሠላሳ ቃል ቢሆን ነው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሚጠበቅብኝን በሙሉ አውቃለሁ። ደግሞ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «የትኛዋ ናት? ታናሿ ናት?» ሲለው ቆሞ ይመልሳል። ይህ ሰው ኮሙኒኬሽን አልተማረም። ግን ሳይመልስ የሚያልፈው በር የለም።

የድሮውም አዋጅ ቢሆን ይህን ይመስል ነበር። ጃን ተከል ዋርካ ሥር ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር ይባላል። የአዋጁ መክፈቻ ዛሬም ድረስ አፋችን ላይ አለ፤ «ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።» ልጅ ሆኜ ማሟሟቂያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ሥራ እዚያ ውስጥ ነው። አዋጅ ነጋሪው ሁሉም ቤት እንደማይደርስ ያውቃል። ስለዚህ የሰማውን ሰው መልእክተኛ አድርጎ ይልከዋል። መልእክቱም ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የማይበላሽ አጭር መሆን ነበረበት። የኔን መግለጫ ማን ለማን ሊያሰማው ይችላል? «ለጎርፍ ተጋላጭ የሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች» ብላ ለጎረቤቷ የምትነግር ሴት እስካሁን አላየሁም።

ስለ አደጋና ስለ ቃል ሳስብ ሁሌም የሚመጣብኝ የጎፋው የመሬት መንሸራተት ነው። ሐምሌ 2016 ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ዜናውን ስሰማ ያልቻልኩት ቁጥሩን ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት እሪታውን ሰምቶ አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም እኔም ብሆን ሮጬ ነበር። እሪታ ሲሰማ መሮጥ ያሳደገን ነገር ነው። እሳት ቢነሣ፣ ሌባ ቢመጣ፣ ሰው ጉድጓድ ቢገባ፣ እሪ ሲባል ወደ ድምፁ ነው የሚኬደው። ቤቱ የሚቀር ሰው ይታማል። ናዳ ግን ከእሳት ይለያል። የረጠበ ተራራ አንዴ ከተንሸራተተ ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉን አጥቷል፤ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ደግሞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ተራራውን ይጠብቅ፤ ሌሎቻችሁ ከናዳው መንገድ ፈቀቅ በሉ፤ ዝናቡ እየጣለ በብዛት አትግቡ» የሚል ቃል አስቀድሞ መነገር ነበረበት። በደረቅ ጊዜ፣ ሰው ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ። እናት ልጇን ከጭቃ ሥር ስትጣራ ለሰው ሥልጠና አይሰጥም። በዚያው ክረምት በእኛው በሰሜን ጎንደር፣ ጠለምት ላይም መሬቱ ተንዶ ሰው ሞቷል። ስሜንና ጠለምት ገደል ላይ የተንጠለጠለ አገር ነው። ይህ ቃል የሚያስፈልገው ለጎፋ ብቻ አይደለም።

ዝምታም ራሱን የቻለ መልእክት ነው። በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ ሲራብ መንግሥት ወሬው እንዳይወጣ አድርጎ ነበር። ሕዝቡ ተራበ፤ ሌላው አገር ሳይሰማ ቆየ። እርዳታ ማስተባበሪያ የምንለው ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ መከራ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ክፉ ወሬን ቶሎ የመናገር ፍርሃት ግን አሁንም ከመሥሪያ ቤት አልወጣም። «ሕዝቡ ይረበሻል» ይባላል። እኔ ባየሁት ሕዝብ የሚረበሸው ግማሽ ወሬ ሲሰማ ነው።

ለምሳሌ አተትን እንውሰድ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ብዙ ዓመት ኮሌራን በዚህ ስም ስንጠራው ኖረናል። ስሙ ለስላሳ ነው። ተቅማጥ ደግሞ ሁሉም ቤት ያለ ነገር ስለሆነ ሰው «ያልፋል» ብሎ ይተኛል። ኮሌራ ግን በሰዓታት ውስጥ የሰውን ውሃ ጨርሶ ሊገድል ይችላል። በ2015 ክረምት ቋራ ውስጥ በርመል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ሲነሣ አስቡት። ከየአገሩ የመጣ በሽተኛ፣ ደካማ፣ ተስፋው ጸበሉ ብቻ የሆነ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ያኔ ከከተማ የተላከ ወረቀት ምን ይሠራል? እንደኔ ከሆነ እዚያ መናገር ያለባቸው አጥማቂው አባት ናቸው። ባለሙያው ቀድሞ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በራሳቸው ቃል ለጸበልተኛው ያስተላልፋሉ። እጅ መታጠብን፣ መጸዳጃን፣ የተቅማጥ ምልክት ያየ ሰው ሳይደበቅ ወዲያው እንዲናገር። ኦአርኤስ ከሌለ ደግሞ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ይህ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው። እናት አንዴ ሰምታ ትይዘዋለች።

በዚያው ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለወራት ቆየ። ቴሌግራም ቻናል ላይ የተከመረው መልእክት ሁሉ ስልክ ውስጥ ቀረ። የጥሩምባ ነፊውን ነገር ደጋግሜ የማነሣው በናፍቆት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ የነበረ ሰው ይገባዋል።

ጥሩ ምሳሌም አለን፤ ያውም ከቤታችን። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ገብታ ወደ 7,000 ሰው እንደፈጀች ይነገራል። በዓመቱ ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ነው ያደገው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ተማሪውን ወደ ገጠር የሚልክ ትምህርት ቤት ነበር። ቆይቶ በ1995/96 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ። የነዚህ ልጆች ውለታ ተነግሮ አያልቅም።

አንዷን አክስቴ ቤት አይቻታለሁ። ስለ አጎበር ልትጠይቅ መጥታ ነበር። «ትጠቀሙበታላችሁ?» አላለችም። እንደዚያ ብትል ሁሉም «አዎ» ነው የሚላት። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ቡና ጠጣች፤ ከዚያ «እትዬ፣ አጎበሩን እስኪ አብረን እንስቀለው» አለች። ሲሞከር ችግሩ ታየ። አክስቴ የሚተኙት መደብ ላይ ነው፤ ጣሪያው ሩቅ ነው፤ ገመድ የሚታሰርበት የለም። አጎበሩ ሦስት ወር ሙሉ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠው ለዚህ ነበር። ልጅቷ ከደጅ ሁለት ቀርከሃ አስመጣች፤ ከመደቡ ራስጌና ግርጌ አቆመችና አሰረችው። ስትወጣ ጎረቤቶች ቀርከሃውን ለማየት መጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ሦስት ቤት ውስጥ ቀርከሃ ቆሟል። የኮሙኒኬሽን ሥልጠና ላይ ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያች ቡና ግን የተማርኩበት ጊዜ የለም።

ጤና መድንም ላይ እንዲሁ ሆነ። ሰፈር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ዓመቱን ሙሉ ካልታመምኩ ገንዘቤ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ። መድረክ ላይ ያለው ባለሙያ ስለ መደጋገፍ መርህና ስለ ሥጋት መጋራት ረጅም መልስ ሰጠ። ሴትዮዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ቁጭ አሉ፤ እንዳልገባቸው ያስታውቅ ነበር። ከኋላ አንድ አዛውንት ተነሡ። «እመት፣ እድር ስንት ዓመት ከፈሉ?» «ሃያ ይሆናል።» «ታዲያ አልሞትኩምና መልሱልኝ ብለው ያውቃሉ?» ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ሴትዮዋም ሣቁ። ከስብሰባው በኋላ ምዝገባው ጠረጴዛ ጋ አየኋቸው።

የኮሮናው ጊዜ ሌላ ትምህርት ነበረው። ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ድምፅ ይቀድመን ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሰው ጆሮውን ሰጥቶ ሰማ። በኋላ ግን መርዶ ለመናገር የሚደውለውም፣ ምጥ የያዛትን ለማድረስ ታክሲ የሚጠራውም ያንኑ ቃል መስማት ነበረበት። አንድ ቃል ሳይለወጥ ሲደጋገም እንደ ወፍጮ ድምፅ ይሆናል፤ አጠገቡ የሚኖር ሰው አይሰማውም። የኅዳር በሽታ ዘመን ሰዎች ሻል ያሉ ይመስለኛል። በ1911 ከዚያ ወረርሽኝ የተረፈው ሕዝብ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ለመደ። ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ጢሱ በሽታ ያባርራል አያባርርም ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ቀን አለው፤ ሥራ አለው፤ ልጆች ይሳተፉበታል። መቶ ዓመት አልፎትም ብዙ ሰፈር ቀኑን አይረሳውም።

ወደ አክስቴ ልመለስ።

በሚቀጥለው ግንቦት መልእክቱን ስጽፍ ደምቢያ ወርጄ እሳቸው ቤት ተቀምጬ ጻፍኩት። ጎረቤቶች መጡ። መገጭ ሊሞላ ሲል ድምፁ እንደሚለወጥ የነገሩኝ እነሱ ናቸው፤ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል አሉ። በ1998 ብዙ ከብት የሞተው ታስሮ ስለነበር እንደሆነም ነገሩኝ። እኔ ጻፍኩ፤ እነሱ አረሙ። እንዲህ ሆነ፦

«መገጭ ዳር ያላችሁ ስሙ። ወንዙ ድንጋይ ሲያንከባልል ከሰማችሁ ንጋት አትጠብቁ። ልጅና አዛውንት ይዛችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ውጡ። ከብቱን ፍቱት፤ መንገዱን ራሱ ያውቃል። ዘር የሚሆነውን እህል ካሁኑ በማዳበሪያ አድርጋችሁ ቆጥ ላይ ስቀሉ። የሞላ ወንዝ ጉልበት ድረስ ቢሆንም አትሻገሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ካሏችሁ ማን እንደሚያነሣቸው ዛሬ ተነጋገሩ።»

መሥሪያ ቤት ሳቀርበው «ይህ መግለጫ አይመስልም» ተባልኩ። በሬዲዮ የተነበበው እንደ አምናው ያለ ሌላ ጽሑፍ ነው። የኛን ወረቀት ግን የሰበካው ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አነበቡት። የእድሩ ሰውም ይዞት ዞረ።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ጎንደር ዝናቡ ሳያባራ አደረ። ጎሕ ሲቀድ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩን አነሡ። ጉብታው ላይ ናቸው። ከኋላቸው ሕፃን ያለቅሳል፤ ላም ትጮኻለች።

«ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነን። ጤፉም ቆጥ ላይ ነው። ከብቱን ፈትተነዋል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን። ግን አንተ ልጅ፣ ከመገጭ ማዶ ላሉት ማን ነገራቸው? የኛ ቄስ እኮ እዚያ አይቀድሱም።»

የማዶውን ሰበካ ስልክ ማን ጋ እንደማገኝ እያሰብኩ ጃኬቴን ለበስኩ።